ጋሽ ገፋ እና ባለበት ያልቆመው ፎቅ

ባረጀ የመንግሥት ፎቅ ውስጥ ሁሉ፣ ግድግዳ ባለበት ሲቆም የሚያመው አንድ ሰው አይጠፋም። ይሄ ሰው እንደ ማንኛውም ጤነኛ ቤቱ ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ይተከላል። ሌላው ሰው ግድግዳ ላይ ሰዓት ወይ የሠርግ ፎቶ ያያል። እሱ የሚያየው ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ነው። በማግስቱ መዶሻ ይሰማል። እንዲህ ያለ ጎረቤት የለኝም የሚል ካለ ራሱን ይጠርጥር።

በሰባት ቁጥሩ ፎቅ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ጋሽ ገፋ ነበሩ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ከፖስተኛው በቀር የሚያስታውሰው የለም። በአውቶቡስ ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ ከጆሯቸው ኋላ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ናቸው። የሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታውን እንደ ጨረሱ ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉና፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ "ይቺ ትንሽ ገፋ ብትል ምን ይላታል?" ይላሉ። ስሙም የወጣላቸው ከዚሁ ነው።

ፎቁ አራት ደርብ፣ ሠላሳ ሁለት ቤት፣ ሠላሳ ሁለት በረንዳ አለው። ሲሠራ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደርብ ተሳስቶ የሰው ቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ "ምሳ አልደረሰም እንዴ?" ያለ አባወራ እንደነበረ እስከ ዛሬ ይወራል። አሁን ዓይኑ የታሰረ ሰው እንኳ አይሳሳትም። አርባ ዓመት ሙሉ ልጅ ሲወለድ፣ ልጅ ሲያገባ፣ አማት ስትመጣ፣ ባል ሲሄድ፣ ፎቁም አብሮ አንድ ነገር ሲሆን ኖሯል። ከግማሽ በሚበልጠው ላይ ደግሞ የጋሽ ገፋ እጅ አለበት።

ነገሩ በዚሁ በቀጠለ ነበር፣ የቤቶች ጽሕፈት ቤት ፎቁን ላድስ ብሎ ባይነሳ። መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ሕንፃው ታድሶ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ ከፕላኑ ውጪ የተሠራ ሁሉ ይፈርሳል። ሰው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ፈገግ አለ፤ ሁለተኛውን አንብቦ ወደየቤቱ ሮጠ። ምን ምን እንደሚፈርስ ለክታ እንድትመዘግብም አንዲት የንድፍ ሠራተኛ ተላከች። ነዋሪው ስሟን ሳይጠይቅ "ለኪዋ" አላት።

ለኪዋ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያው መሥሪያ ቤት ቤት ስትለካ የኖረች፣ ቀጥ ያለ መስመር የምትወድ ዝምተኛ ሴት ናት። አንድ ዓመል ብቻ አለባት፤ ቅጹ የማይጠይቀውን ነገር ማወቅ ትፈልጋለች። ቅጹ "የክፍሉ ስፋት" ይላል፤ እሷ "ይሄ ክፍል የማን ነበር?" ትላለች። በሆዷ ነው እንጂ ጮክ ብላ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ቆማ ፕላኑን ዘረጋችና ቀና አለች። ፕላኑ ላይ ሠላሳ ሁለት ክፍት በረንዳ ተስሏል። ቆጠረች፤ ክፍት ሆኖ የቀረው ሦስት ነው። ሌላው በላሜራ፣ በጣውላ፣ በመስታወት ተዘግቷል። አንዱ አምስት አሮጌ በሮች ጎን ለጎን ተገትረው የዘጉት ነው፤ አንዳቸውም አይከፈቱም። አንዱ ደግሞ ከነተንሸራታቹ፣ ከነላስቲኩ የአውቶቡስ መስኮት የተገጠመለት ነው። ዓይኗን ጠረገች። ከመስኮቱ ኋላ ሁለት ሕፃናት ተቀምጠው አንዷ፣ "ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች።

ለኪዋ ወረቀቱን አጠፈች። ቸኩላ የማታውቀውን ያህል ለመግባት ቸኮለች።

ውስጥ ግን ነዋሪው ተዘጋጅቶ ነበር። ያልነበረ በር የከፈተ ምንጣፍ ሰቅሎበታል፤ የነበረ በር የደፈነ ቁምሣጥን አስጠግቶበታል። አንኳኩታ በገባችበት ሁሉ፣ "እኛ ጋ ምንም አልተነካም፣ እህቴ፤ ሚስማር እንኳ አልመታንም" ይሏታል። ሦስተኛው ቤት ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

"ልጄ፣ ሜትርሽ አጭር ነው። የኔን ያዢው።"

ክቡር ጋሽ ገፋ ናቸው። ሜትሩን አስጨበጧትና ምንጣፉን ራሳቸው ገለጡት። "ይቺን የከፈትኳት እኔ ነኝ። ዓመተ ምሕረቱን ጉበኑ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ቀና ብለሽ እይው።"

የቤቱ እመቤት ራሷን ያዘች። "ጋሼ! ምን ነካዎት? ሊያስፈርሱብን ነው?"

"ምን ላድርግ? ልኬት በውሸት አይሆንም" አሉ ጋሽ ገፋ። "ከተለካ እንደ ሰው ይለካ።"

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ለኪዋ አስጎብኚ አገኘች። ጎረቤቱ ሁሉ ጥርሱን እየነከሰ፣ ጋሽ ገፋ ከቤት ቤት እየመሩ በኩራት ተናዘዙ። "ይቺንም እኔ። ያቺንም እኔ። ይሄን ግን እኔ አይደለሁም፤ ይሄን የሠራው እጁ ይሰበር።"

ምድር ቤት በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ጡረተኛ ነርስ አለች። በፕላኑ መሠረት ወደ ውጪ ለመውጣት ስድስት ደረጃ መውረድ ነበረባት። ጋሽ ገፋ የሳሎኗን መስኮት እስከ ወለሉ ዝቅ አድርገው በር አደረጉት፤ ከፊቱም ለጥ ያለ መውጫ ሠሩላት። ለኪዋ የመውጫውን ቁልቁለት ለካች። ከዚያ ድጋሚ ለካች፤ መሥሪያ ቤቷ ራሱ በሕግ ያስቀመጠው ልክ ሆኖ ስላገኘችው ገርሟት።

"ደንቡን አንብበው ነው?" አለች።

"የምን ደንብ? እሷን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ እየገፋሁ ሞክሬው ነው እንጂ። ሁለቴ አምልጣኛለች።"

"ሦስቴ ነው" አለች ነርሷ ከውስጥ።

አንደኛ ደርብ ላይ ወላጆቻቸው የተዉላቸው ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፤ ታላቋ ፀጉር ሠሪ፣ ታናሿ የትምህርት ቤት ጸሐፊ። በአንድ መስታወት ምክንያት ተኳርፈው ጋሽ ገፋን አስጠርተው ነበር። "ሳሎኑን ለሁለት ይክፈሉልን፤ ድምፅ እንኳ የማያሳልፍ ግድግዳ ይሁን" አሏቸው። ክቡርነታቸው ግድግዳውን ሠሩ። መሐሉ ላይ ግን ማንም ሳያዛቸው መጽሐፍ የምታክል መስኮት ከነመዝጊያዋ ገጠሙበት። "ይሄ ምንድነው?" ቢሏቸው፣ "አየር ነው" ብለው ሄዱ።

ለኪዋ ስትገባ መዝጊያዋ ተከፍቶ ነበር።

"ያቺን ሴትዮ ሻይ ትጠጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ" አለች ታላቋ በቀዳዳው።

"አንቺ ጋ አይደል እንዴ የቆመችው? ራስሽ ጠይቂያት" አለች ታናሿ ከወዲያ። "ስኳሩ ግን እኔ ጋ ነው፣ እንኪ።"

ጋሽ ገፋ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ለኪዋ መስኮቷን ለካች፤ ሃያ ሁለት በሠላሳ። ቅጹ ላይ ይሄ የሚጻፍበት ቦታ ፈለገች። የክፍል ቁጥር አለ፣ ስፋት አለ፣ "ከፕላኑ ውጪ፦ አዎ/አይደለም" የሚል አለ። እርሳሷን አነሳችና በኅዳጉ በኩል ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመረች። ከአናቱ ላይ "ለምን" ብላ ጻፈች። በአሥራ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኗ የመንግሥት ቅጽ ላይ ከራሷ የሆነ ነገር ስትጨምር የመጀመሪያዋ ነው።

የጋሽ ገፋ የራሳቸው ቤት ሁለተኛ ደርብ ላይ ነው። የአውቶቡስ መስኮት ያለው፣ የጎረቤት ልጆች የሚጫወቱበት በረንዳ የእሳቸው መሆኑን ለመናገር እንኳ ያሳፍራል፤ የማን ይሆናል? ማድቤቱ በሃያ ዓመት ውስጥ አራቴ ቦታ ቀይሯል። ባለቤታቸው፣ ሁሉም "እትዬ" የሚሏቸው ረጅም ሴት፣ አንድ ቀን ከገበያ ተመልሰው ሽንኩርቱን እንደ ልማዳቸው ማድቤት አስቀምጠው ዞር ሲሉ የቆሙት መኝታ ቤት ሆኖ አግኝተውታል።

"ጠዋት ስወጣ ማድቤት ነበር" አሉ እትዬ ለለኪዋ። "ስመለስ አልጋ አለበት። ምን እላለሁ? ሽንኩርቱን ትራስ ስር ከተትኩት።"

ጋሽ ገፋ ሳሎኑን አስለኩ፣ ማድቤቱን አስለኩ፣ በረንዳውን ሁለት ጊዜ አስለኩ። መኝታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ግን በሩ ላይ ቆሙ።

"ይሄ ይቆይ። ባለቤቴ አሟት ተኝታለች።"

እትዬ ከጎናቸው ቆመው ነበር። ባላቸውን አዩ፣ ለኪዋን አዩ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ይዘው ትንሽ ሳሉ። ለኪዋም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ላይኛው ደርብ ወጣች።

ከጋሽ ገፋ በላይ፣ ሦስተኛ ደርብ ላይ የሚኖረው ፎቶ አንሺ ነው፤ ከሚስቱ፣ ከሦስት ልጆቹና ከእናቱ ጋር። ለኪዋ በስም ታውቀዋለች። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በጋሽ ገፋ ላይ የጻፋቸው የክስ ደብዳቤዎች አንድ ፋይል ሞልተዋል። የሁሉም ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ሰውዬው በየወሩ መጀመሪያ ከወለሌ ስር ሆን ብለው ይደበድባሉ፣ ይሄም በክፋት ነው።

ፎቶ አንሺው የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። እንዲያውም ራሱ ወደ ጓዳው መራት። በፕላኑ ላይ አንድ ሰፊ መኝታ ቤት የሆነው ቦታ መሐል ለመሐል በወፍራም ብሎኬት ተከፍሎ፣ ለእናቱ መታጠቢያ ቤት ተሠርቶበታል። የሲሚንቶ ገንዳ አለ፣ እስከ ጣሪያ የተለጠፈ ሴራሚክ አለ፤ ከገንዳው በላይ ደግሞ በብሎኬት መደብ ላይ የተቀመጠ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን አለ።

"እናቴ ከታመሙ ወዲህ ኮሪደሩን አቋርጠው መታጠቢያ ቤት መድረስ አልቻሉም" አለ። "ጋሽ ገፋን ለመንኳቸው። ለአገሩ ሁሉ የሚገፉ ሰውዬ ለእኔ ሲሆን፣ 'ይቺ ወለል ይሄን አትችልም' አሉኝ። ተጣላን። ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት በሄዱበት ሁለት ሳምንት ሌላ ሠራተኛ አምጥቼ አሠራሁት። ይኸው ስድስት ዓመቱ፤ ምን ሆነ?"

ለኪዋ ብሎኬቶቹን በዓይኗ ቆጠረች፤ የጋኑን ክብደት በሆዷ ደመረች። የቆመችበት ወለል መሐል ላይ ተደግፎ የሚያርፍበት ምንም ነገር እንደሌለ ፕላኑ ይናገራል።  በስድስት ዓመት ውስጥ ይሄ ወለል ቢያንስ መጉበጥ ነበረበት። ሜትሯን ዘርግታ ብታየው ቀጥ ያለ ነው። እንዴት?

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

"እትዬ፣ መኝታ ቤቱን ማየት አለብኝ። አሁኑኑ።"

ጋሽ ገፋ አፋቸውን ሳይከፍቱ እትዬ በሩን ከፈቱት። "ግቢ፣ ልጄ። እኔም ድኛለሁ።"

የመኝታ ቤቱ እኩሌታ ላይ፣ ከአልጋው እግርጌ አንድ ክንድ ርቆ፣ ጉልበት የሚያክል ወፍራም የብረት ቱቦ ከወለል እስከ ጣሪያ ቆሟል። ከስሩ የአውቶቡስ ክሪክ ገብቶበታል፤ ከአናቱ ሸክሙን የሚያከፋፍል ሰፊ የብረት ሰሌዳ ተበይዶበታል። ጣሪያው ላይ ወደ ግድግዳው ተጠግታ የቆመች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። ከስንጥቋ ጫፍ ላይ በእርሳስ ትንሽ ጭረት ተጭሯል፤ ከጭረቱ አጠገብ ቀን ተጽፏል። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ቀን፣ አንዱ ከሌላው ስር፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ጭረቷ ግን ያው አንዲት ናት። ስንጥቋ አላለፈቻትም።

ለኪዋ ቀኖቹን ከላይ እስከ ታች አነበበች። በየወሩ መጀመሪያ ከፎቶ አንሺው ወለል ስር የሚሰማው ድብደባ ምን እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። ክሪኩን ሲያጠብቁ ነው።

"ጋሼ" አለች። "ለምን አልተናገሩም? ቢወድቅስ?"

"እኔ ስንት አውቶቡስ በዚህ ክሪክ ተሸክሜ ከስሩ ተኝቻለሁ" አሉ ጋሽ ገፋ። መሬት መሬቱን እያዩ ነበር። "ደግሞ ብናገር፣ የእናንተ ሰዎች መጥተው መታጠቢያ ቤቱን ያፈርሱታል፤ ምናልባት ቤተሰቡንም ያስወጣሉ። እናቱ አንድ ደስታ ነው የቀራቸው። ጠዋት ጠዋት ውኃው ሲፈስላቸው ይዘፍናሉ። እዚህ ሆነን እንሰማቸዋለን።"

"ድምፃቸው ጥሩ አይደለም" አሉ እትዬ። "ግን ይዘፍናሉ።"

ለኪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተቆጥታለች፤ አንድ ሰው በሁለት ቤተሰብ ነፍስ ላይ ብቻውን መወሰን አልነበረበትም፣ ይህንንም ፊት ለፊት ነገረቻቸው። ጋሽ ገፋ አልተከራከሩም። ብትጽፈው አሮጊቷ ይጎዳሉ፤ ባትጽፈው በአንድ ክሪክ ላይ ሰው ይኖራል። ጥቂት አሰበችና ተነስታ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ ከኋላዋ ፎቶ አንሺው ነበር። ለስድስት ዓመት የዚያን ቤት ደፍ ረግጦ አያውቅም።

መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ቱቦውን ከታች እስከ ላይ አየው። ከዚያ የት እንደቆመ፣ ከራሱ በላይ ምን እንዳለ በልቡ ለካ መሰለኝ፤ ሄዶ መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈ። 

"እኔኮ..." አለ በመጨረሻ። "አሥራ አራት ደብዳቤ ነው የጻፍኩብዎት።"

"አሥራ ስድስት" አሉ እትዬ።

በማግስቱ ፎቶ አንሺው አሥራ ሰባተኛውን ይዞ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ይሄኛው የሚከሰው ራሱን ነበር። ምን እንዳሠራ፣ በማን እንዳሠራ፣ ማን ከልክሎት እንደነበር አንድም ሳያስቀር ጽፎበታል።

የክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤውን አንብበው አስቸኳይ ጥገና አዘዙ። ከዚያ የለኪዋን መዝገብ ገለጡ። የሚፈርሱ ነገሮች ዝርዝር ነበር የጠበቁት፤ ያገኙት ሠላሳ ሁለት ንድፍ ነው፤ ከያንዳንዱ ጎን ደግሞ "ለምን" የሚል ረድፍ። "ይሄን ረድፍ ማን ጨምሪ አለሽ?" ብለው ሊቆጧት መነጽራቸውን አነሱ። ግን እግረ መንገዳቸውን የእህትማማቾቹን መስኮት አነበቡ፤ የነርሷን በር አነበቡ፤ ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው፣ "ይሄን ሁሉ ከማፍረስ ፕላኑን መቀየር ይቀላል" አሉ። ርኅራኄ ይሁን ስንፍና እሷ እስከ ዛሬ አልለየችውም።

ሁሉም አልዳነም። አምስቱ በሮች ያዘመሙ ስለነበሩ ፈረሱ፤ አራት የላሜራ በረንዳዎችም እንደዚያው። የቀረው አደገኛ እስካልሆነ ድረስ ባለበት እንዲመዘገብ ተወሰነ። በጋሽ ገፋ መኝታ ቤት ጣሪያ ስር ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ የብረት ቢም ገባ፤ ጋኑም ወርዶ ከዋናው ግድግዳ ጥግ ተተከለ። ሥራው ሦስት ሳምንት ሲፈጅ የፎቶ አንሺው እናት የአውቶቡሱ በረንዳ ላይ አልጋ ተዘርግቶላቸው፣ ተንሸራታቹን ከፍተው መንገደኛ ሲያዩ ሰነበቱ። ቱቦው የተነሳ ዕለት እትዬ ከመኝታ ቤቱ ወዲህ ጫፍ እስከ ወዲያ ጫፍ፣ ምንም ሳይዞሩ፣ ቀጥ ብለው ተራመዱ። ከዚያ ተመልሰው እንደገና ተራመዱ።

የለኪዋ ሥራ በዚህ አለቀ። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ፎቅ ተሰጣት። ግን ልቧ አልተመለሰም። ሥራ ቦታ ስትቀመጥ ጆሮዋ መዶሻ ይፈልጋል፤ የሰው ቤት ስትገባ እጇ ሳታዘው ግድግዳ ያንኳኳል። በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጋሽ ገፋን ቤቷ ጠራቻቸው። የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ እንዲሁ ባረጀ ፎቅ ላይ ነው። "ኮሪደራችን ይጨልማል፤ ምን ማድረግ እንደሚቻል ይዩልኝ" ነበር ያለቻቸው።

"ማን ይምጣ አልሽ?" አሉ እናቷ። "ቤት አፍራሹ? እኔ በሕይወት እያለሁ?"

ጋሽ ገፋ መጡ። እናቷ እጃቸውን አጣምረው ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ፣ ሁሉንም ክፍል ዞሩ። አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ በመስኮት ወጣ ብለው አዩ። ሲጨርሱ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ሻያቸውን ፉት አሉ።

"ጥሩ ቤት ነው።"

"እሺ፣ ከዚያስ?" አለች ለኪዋ ወረቀትና እርሳስ ይዛ።

"በቃ፣ ጥሩ ነው። ምንም አይነካም።"

እናቷ ፊታቸው በራ፤ ሻይ ሊጨምሩላቸው ተነሱ። የለኪዋ ፊት ግን እንዳልሆነ ሆነ።

"ኮሪደሩስ፣ ጋሼ?"

"አምፖሉን ቀይሩት።"

"ማድቤቱ አልጠበበም?"

"ለሁለት ሰው? ምኑ?"

"ይቺ ግድግዳስ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ጋሽ ገፋ ብርጭቋቸውን እንደያዙ አዩዋት። ረዘም አድርገው አዩዋት። ከዚያ ተነስተው ወደ ማድቤቱ በር ሄዱና ከፈቱት፤ ዘጉት፤ እንደገና ከፍተው ማጠፊያውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

"ይቺ በር ግን" አሉ ቅንድባቸውን ሰብስበው፣ "ስትከፈት ትንሽ ታስቸግራለች መሰለኝ። አንድ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ሳትፈጅ አትቀርም።"

በሯ፣ እዚያ ቤት ከገቡበት ቀን ጀምሮ፣ ማንንም አስቸግራ አታውቅም። እናቷ ይህንኑ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ለኪዋ ቀደመቻቸው።

"አዎ፣ ጋሼ፣ በጣም ነው የምታስቸግረን" አለችና ካቻቢቴ ልታመጣ ሮጠች።